የአስታ በር የመረዳት ኮሚቴ

በአስታ በር ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጤና አይደለም። «ቧንቧው እንዴት አደረ?» ነው የሚለው። የተጠየቀው ሰው «ይመስገን፣ ምርምር ላይ ናቸው» ካለ ቆም ብለው ያወጋሉ። «ኧረ ዛሬስ የሚያስብ ጠፍቷል» ካለ ግን ሁለቱም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደየቤታቸው ይፈጥናሉ።

ሱፐር ኮምፒውተሩ ከከተማው በላይ ባለው ሜዳ ላይ የተተከለው በ2057 ዓ.ም. ነበር። ቦታው የተመረጠው በብርዱ ነው፤ ማሽኑ ሲያሰላ ይግላል፣ የአስታ በር ንፋስ ደግሞ ድንጋይ ያንቀጠቅጣል። በምረቃው ዕለት «ማኅበረሰቡ የምርምሩ ተጠቃሚና ተሳታፊ ይሆናል» ተባለ። ተጠቃሚነቱ በቧንቧ መጣ፤ ማሽኑን ያበረደው ውሃ ራሱ እየፈላ በየቤቱ ግድግዳ ሥር ያልፋል። ተሳታፊነቱ በኮሚቴ መጣ። የመብራት ኃይሉ በሙሉ ወደ ላይ ስለሚሄድ ለነዋሪው የሚደርሰው አምፖል ለማብራት ያህል ብቻ ነው፤ ዛፍ መቁረጥ ከተከለከለም ቆይቷል። ስለዚህ ሕዝቡ ማሽኑን «ምድጃው» ብሎ ሰየመው። ሳይንቲስት ያስባል፣ ምድጃው ይግላል፣ አስታ በር ይሞቃል።

እትዬ ሀሴት በዚህ ቧንቧ ጫጩት ያስፈለፍላሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ አንድ ነው። እሳቸው በተወለዱበት ዘመን ሀሴት፣ ናሆም፣ ማክቤል የልጅ ስም ስለነበር የከተማው ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ የሚጠራው በዚያ ነው፤ ማንጠግቦሽና በላቸው የሚባሉት ወጣቶቹ ናቸው።

ጎህ ሲቀድ ተነሥተው መጀመሪያ የእጃቸውን ጀርባ ቧንቧው ላይ ያሳርፋሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በንክኪ ብቻ የምርምሩን ዓይነት መለየት ችለዋል። የአየር ንብረት ጥናት ለብ ያለና የማይቋረጥ ነው። መድኃኒት ፈላጊዎቹ አንዴ ያፈሉታል፣ አንዴ ይተዉታል። የከዋክብት ሰዎች ያቃጥላሉ፣ ግን ቶሎ ይረካሉ። ለእንቁላል የሚስማማው የአየር ንብረት ነው።

እትዬ ሀሴት ከሰባቱ የመረዳት ኮሚቴ አባላት አንዷም ነበሩ። በደንቡ መሠረት ማንኛውም ተመራማሪ ምድጃውን ከመጠቀሙ በፊት ሥራውን ለነዋሪው ማስረዳት፣ ነዋሪውም «ተረድተናል» ብሎ መፈረም አለበት። ስብሰባው ዘወትር ረቡዕ በቀበሌው አዳራሽ ይደረጋል። የኮምፒውተር ማዕከሉ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ኃላፊ አቶ ናሆም ማኅተሙን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ተመራማሪው ይናገራል፤ ኮሚቴው አንገቱን ይነቀንቃል። ሲጨርስ ሰብሳቢው ጋሽ ማክቤል መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሁልጊዜ የሚጠይቋትን አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

እስከዚያ ሐምሌ ድረስ ኮሚቴው አራት መቶ አሥራ አራት ምርምሮችን ተረድቶ ነበር። አንድም ያልገባው አልነበረም። አቶ ናሆም በየዓመቱ ለበላይ አካል በሚልኩት ሪፖርት ላይ «መቶ በመቶ» ብለው ይጽፋሉ። የአንበጣን ክንፍ መርገብገብ ሊያጠና መጥቶ አርባ ቀን ሙሉ ምድጃውን ያነደደ ሰው በከተማው እስካሁን ይነሣል። በግ አርደውለታል። ሊሄድ ሲል ሽማግሌዎቹ እስከ አውቶቡሱ ሸኝተውት፣ «ልጄ፣ አንበጣ አራት ክንፍ አለው፤ አንተ የጨረስከው ሁለቱን ነው» ብለው ለምነውት ነበር።

ተመራማሪ በጠፋ ጊዜም ብርድ እንዳይገባ «የነዋሪው ጥያቄ» የሚባል ድርሻ አለ። የኮሚቴው አባላት በየተራ የፈለጉትን ይጠይቃሉ፤ ነዋሪ የራሱን ጥያቄ ይረዳል ተብሎ ስለሚታሰብ ማስረዳት አይጠበቅበትም። የተጀመረ የነዋሪ ጥያቄ ደግሞ ክቡር ነው፤ ከጠያቂው ፊርማ በቀር ሚኒስትርም ቢመጣ አያስቆመውም። በሐምሌ ተራው የእትዬ ሀሴት ነበር። በጡረታ ያሉ አንድ የሒሳብ መምህር ረድተዋቸው «በወረዳው ከሚገኙ በጎች ጠጉር እያንዳንዱ ክር በንፋስ ጊዜ ወዴት ያዘነብላል?» ብለው አስገቡ። ሃያ አንድ ቀን ይፈጃል ተባለ። ልክ የእንቁላል ዕድሜ። በዚያው ዕለት ሦስት ሺህ እንቁላል በማስፈልፈያ ሣጥኖቹ ውስጥ ደረደሩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ዶክተር ማንጠግቦሽ መጣች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ጫማዋ ጭቃ የለበሰ። የምታጠናው ከተራራው ወደ ቆላ የሚወርደውን ጎርፍ ነበር። ኮሚቴው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የጎርፍ ጥናት ያውቃልና። እሷን ያስተማራት ፕሮፌሰር ለዘጠኝ ክረምት ያህል እየመጣ ሠርቶታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ስሌቱ አሥራ አንድ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ጎርፉ ግን በአምስት ስድስት ሰዓት ቆላ ይደርሳል። እናም ምድጃው በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጎርፉ ከአሥር ቀን በፊት እንደሚመጣ ያለ አንዳች ስህተት ይተነብይ ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ክረምቶች አስታ በር ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው አልነበረም።

«እኔ ያገኘሁት አዲስ መንገድ ነው» አለች ማንጠግቦሽ በደስታ። «ያንኑ ስሌት፣ ያንኑ ውጤት። ምድጃውን በሙሉ ይጠቀማል፣ ግን ጎርፉ ሳይደርስ ይደርሳል።»

«ጥሩ» አሉ ጋሽ ማክቤል። «ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አራት ደቂቃ።»

 ከኋላ የሳል ድምፅ ተሰማ።

«አራት ቀን ማለትሽ ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«አራት ደቂቃ።»

ጋሽ ማክቤል መነጽራቸውን አወለቁ። «ዶክተር፣ ልፋትሽን እናከብራለን። ግን ችኮላ ለማንም አልበጀም። ትንሽ ብታዘገዪውስ?»

«ባዘገየውማ ጎርፉ ይቀድመኛል።»

«አሥራ አንዱም ባይሆን፣ ዘጠኝ ቀን?» አሉ ሌላዋ አባል ወይዘሮ ኤልዳና፣ የገበያ ሰው ነበሩና።

ማንጠግቦሽ ሰሌዳው ላይ ወንዙን ሳለች። ከተራራው ሥር ገርበ ሎሚ የምትባለውን ከተማ አሳየች፤ የቅዳሜ ገበያዋ ወንዙ ዳር ነው የሚቆመው። ማንም በሚረዳው አማርኛ ሁሉን ነገር እንደገና አስረዳች። ስትጨርስ ሰባቱም አንድ በአንድ «አልተረዳንም» አሉ። እትዬ ሀሴትም አሉ። ድምፃቸው ከስድስቱ ያነሰ ነበር፣ ግን አሉ። አቶ ናሆም ማኅተሙን ይዘው ቀሩ። መቶ በመቶ የነበረው ሪፖርታቸው ዓይናቸው እያየ ተሰበረ።

በማግስቱ ማንጠግቦሽ የእትዬ ሀሴትን በር አንኳኳች። የእንግዳ ማረፊያው ቧንቧ ስለማይደርሰው ጣቷ ቀልቶ ነበር።

«እዚህ ሞቃት ነው አሉኝ» አለች።

እትዬ ሀሴት አስገቧት፤ ከሣጥኖቹ መካከል በርጩማ ሰጧት። ልጅቷ እጆቿን ቧንቧው ላይ ዘርግታ ሞቀች። ከዚያ ወረቀት ከኪሷ አወጣች። «እትዬ፣ ምኑ ላይ እንዳልገባዎት ቢነግሩኝ በሌላ መንገድ…»

«ልጄ፣ እሱን አስቀምጪው። ገና ወንዙን ስትስይ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ?»

እትዬ ሀሴት የአንዱን ሣጥን ክዳን ከፈት አደረጉ፤ አንድ እንቁላል አንሥተው መብራቱ ላይ ያዙት። በቅርፊቱ ውስጥ ቀይ የደም ሥር ይታያል፤ መካከል ላይ ጥቁር ነገር ዘወር አለ። «አሥራ አራት ቀናቸው ነው» አሉ። «ሦስት ሺህ ናቸው። ያንቺ አራት ደቂቃ ከገባ የሚቀጥለው ክረምት ቤቴ ምንድን ነው የሚሆነው? እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ልጅ የወለደች አለች፣ የታመመ አለ። አልገባንም ያልነው ስለገባን ነው።»

 ማንጠግቦሽ እንቁላሉን ተቀብላ አየችው፤ እየፈራች መለሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን እየመጣች ቁጭ ትል ጀመር፤ እንቁላል ማገላበጥም ተማረች። ስለ ጎርፉ ዳግመኛ አላነሣችም፤ እትዬ ሀሴትን ይበልጥ የከነከናቸውም ይኸው ነበር። ጫጩቶቻቸው የሚወርዱት ወደ ገርበ ሎሚ ነውና። እዚያ ወይዘሮ ሀዋ የምትባል ደንበኛ አለቻቸው፤ አሥራ ስድስት ዓመት በስልክ ተነጋግረዋል፣ ተያይተው ግን አያውቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ተቀደደ። ጉሙ ሜዳውን ውጦት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደበድበው ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ማንጠግቦሽ ሮጣ ገባች፤ ፀጉሯ ላይ በረዶ አለ።

«በሁለት ሰዓት ውስጥ የወር ዝናብ ጥሏል» አለች። «በእርግጠኛነት መናገር ግን አልችልም። ለቆላው አስተዳደር ብደውል 'በምን ስሌት?' ይሉኛል። ሳላሰላ ብናገርና ባይመጣ፣ ሁለተኛ አይሰሙኝም።»

«ታዲያ አስዪው።»

«ምድጃው ተይዟል።»

«በማን?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። እትዬ ሀሴት ያኔ ገባቸው። ምድጃው በበግ ጠጉር ተይዟል።

ሁለቱ በዝናቡ መካከል ወደ ማዕከሉ ቢሮ ወጡ። አቶ ናሆም ካፖርታቸውን እንደደረቡ ቅጹን አወጡ። ደንቡን ያውቁታል፤ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ጠያቂ ጥያቄውን ከተወ በምትኩ ሌላ ማስገባት ይችላል፤ የተተወው ግን አይመለስም፤ የሚቀጥለው ተራ የሚከፈተው ረቡዕ ነው።

«እትዬ ሀሴት፣ እስከ ረቡዕ ከተማው በረዶ ነው የሚሆነው» አሉ አቶ ናሆም። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንቁላሎቹስ?» አሉ።

«ስንት ቀናቸው እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አሥራ ስድስት።»

«እንግዲያው ያስቡበት።»

«ካሰብኩበት አልፈርምም። ብዕር ስጠኝ።»

ቅጹ ላይ «ጥያቄው የተተወበት ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። እትዬ ሀሴት «ሌላ ነገር ማወቅ ስለፈለግሁ» ብለው ጻፉ። አቶ ናሆም ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ቢሮ ማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። ማኅተሙን መቱ፤ የማንጠግቦሽ የጎርፍ ስሌትም በእትዬ ሀሴት ጥያቄነት ገባ።

ቆመው ጠበቁ። ማንጠግቦሽ ጥፍሯን ትበላለች። አራት ደቂቃ ውሃ ለማፍላት እንኳ አይበቃም፤ ለእትዬ ሀሴት ግን በሕይወታቸው ከጠበቁት ሁሉ የረዘመ መሰላቸው። ከዚያ መልሱ ወጣ፦ ውሃው ገርበ ሎሚ ገበያ የሚደርሰው ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከፍታው ከሰው ቁመት በላይ።

ማንጠግቦሽ ለቆላው አስተዳደር ደወለች። እትዬ ሀሴት ደግሞ ለሀዋ።

«ከገበያው ውጡ» አሏት። «ወደ ትምህርት ቤቱ ኮረብታ። ከብቱንም።»

«እትዬ ሀሴት፣ ሰማያችን እኮ ጥርት ብሏል! ፀሐዩ ራስ ይበሳል።»

«የእናንተ ሰማይ ምን አገባው፤ የሚልክባችሁ የእኛ ነው። ሰባት ሰዓት ከሩብ።»

«ማነው ያለው? ሳይንቲስቶቹ ናቸው?»

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት።»

በመስመሩ ላይ የገበያው ጫጫታ ይሰማ ነበር።  ሀዋ፣ «እርስዎ ጫጩት ማክሰኞ ይፈለፈላል ብለው ረቡዕ ሆኖብኝ አያውቅም» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ጮኸች። እትዬ ሀሴት ያን ጩኸት በአሥራ ስድስት ዓመት ሰምተውት አያውቁም።

ጎርፉ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ደረሰ። የገበያውን ዳስ ሁሉ ጠራርጎ፣ ሁለት የጭነት መኪና ገልብጦ ወሰደ። ሰው ግን አልነካም።

አስታ በር ይህን የሰማው እየተንቀጠቀጠ ነው። ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ለብ አለ፣ ወደ ማታው በረደ፣ እሑድ ጠዋት በየግድግዳው ሥር እንደ ሬሳ ተጋደመ። «ለቆላው ብላ ደጋውን በብርድ ፈጀችው» ተባለ፤ ሰላምታ የነሷቸውም ነበሩ። እትዬ ሀሴት ሣጥኖቹን በባና፣ በደበሎ፣ ባላቸው ጨርቅ ሁሉ ሸፈኑ። ማንጠግቦሽ የራሷን ካፖርት አወጣች። ወይዘሮ ኤልዳና ሁለት ጋቢ ይዘው መጡና፣ «ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ» ብለው አስቀምጠው ሄዱ።

ከሦስት ሺው የተፈለፈሉት ስድስት መቶ አርባ ናቸው። የቀሩትን እትዬ ሀሴት ከጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሩ። አላለቀሱም፤ ግን ለሁለት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገሩም።

መፈልፈሉም መቅበሩም የሆነው ግን በኋላ ነው፤ ረቡዕ ዕለት ኮሚቴው ሲሰበሰብ እንቁላሎቹ ገና በደበሎ ሥር ነበሩ። ጋሽ ማክቤል እትዬ ሀሴትን ከአባልነት ለማሰናበት ቃለ ጉባኤ አዘጋጅተው መጥተዋል። ነገር ግን አቶ ናሆም አስቀድመው ደብዳቤ አነበቡ። ማዕከሉ በማኅበረሰብ ተሳትፎ የአገሪቱ አንደኛ ተብሎ ዋንጫ ተሸልሟል፤ ኮሚቴው «ጎርፉን ቀድሞ ስለተረዳ» ይመሰገናል። ስድስቱ አባላት ተያዩ። ጋሽ ማክቤል ቃለ ጉባኤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አንገታቸውን ቀና አድርገው ጭብጨባውን ተቀበሉ።

«እንግዲያው» አሉ አቶ ናሆም በተስፋ፣ «የዶክተሯን ምርምር አሁን ተረድታችኋል?»

ጭብጨባው ቆመ። «ተሸለምን እንጂ አልሞቀንም» አሉ ጋሽ ማክቤል። «አራት ደቂቃ ያው አራት ደቂቃ ነው።»

ያን ጊዜ እትዬ ሀሴት ተነሡ። «አራት ደቂቃ አንዴ ከሆነ ነው አራት ደቂቃ» አሉ። «ሲያልቅ እንደገና ይጀመር። ሲያልቅ እንደገና። ክረምት ከበጋ።»

አዳራሹ ውስጥ የስድስት ሰው ጭንቅላት ሲያሰላ ታየ።

ማንጠግቦሽ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ አያስፈልግም እኮ! ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው…»

«ልጄ፣ ይሄ ኮሚቴ የሚያስፈልገውን ፈርሞ አያውቅም። የሚሞቀውን ነው የሚፈርመው። ፊርማውን ከፈለግሽ ቁጭ በይ።»

ማንጠግቦሽ ቁጭ አለች። ሰባቱም ተረዱ። ወይዘሮ ኤልዳናማ «ከመጀመሪያውም ገብቶኝ ነበር» አሉ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ከከዋክብት ሰዎች ዘመን ወዲህ ያልታየ ሙቀት አመጣ፤ መስኮት የከፈተም ነበር። ምድጃው በየአራት ደቂቃው አስልቶ ውጤቱን በቀበሌው ድምፅ ማጉያና በገርበ ሎሚ ነዋሪ ሁሉ ስልክ ላይ ያሳውቃል።

ኅዳር ላይ፣ ከዝናብ ወሬ እንኳ በሌለበት አንድ ቀትር፣ እትዬ ሀሴት አዲስ እንቁላል እያገላበጡ ሳለ ሀዋ ደወለች።

«እትዬ ሀሴት፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት። ዛሬ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ዘጠና ጊዜ 'ጎርፍ የለም' ተብለናል። እናውቃለን እኮ፤ ወንዙ ደርቆ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።»

«ታገሺ ሀዋዬ፤ እንቁላል ላይ ነን።»

ሀዋ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «እኔስ እታገሣለሁ። ሰዉ ግን የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ዘግቶታል። ጎረቤቶቼ በሙሉ። መስጊዱም ዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱም።»

እትዬ ሀሴት በእጃቸው የያዙትን እንቁላል ቀስ ብለው አስቀመጡ። ቧንቧው ከጀርባቸው ይፋጃል፤ እሳቸውን ግን ብርድ አንዘፈዘፋቸው።

«አንቺስ?» አሉ።

«እኔ የእርስዎ ስለሆነ አልዘጋሁትም። ግን ዛሬ ልዘጋው ነበር፤ ለዚህ ነው የደወልኩት።»

«ዝጊው» አሏት። «ሁላችሁም ዝጉት። እኔን ብቻ እንዳትዘጉኝ። 'የለም' የሚለውን እዚህ ሆኜ እኔ እሰማላችኋለሁ። 'አለ' ያለ ዕለት ራሴ እደውላለሁ፤ ያኔ እንደዚያ ቀን ትጮሂያለሽ።»

«በቀን ስንቴ ሊሰሙት ነው?»

«ስንት ቢሆን ምን ቸገረኝ። ቤቴ ሞቃት ነው።»

ስልኩን ዘጉ። በርጩማቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ፤ የቀበሌው ማጉያ በደንብ እንዲሰማ አንዱን መስታወት ገፋ አደረጉ። ማጉያው ጉሮሮውን ጠርጎ «ጎርፍ የለም» አለ። እትዬ ሀሴት ሰሙና አንዱን ረድፍ አገላበጡ። ከአራት ደቂቃ በኋላ «ጎርፍ የለም» አለ። ሁለተኛውን ረድፍ አገላበጡ።